የመጀመሪያውን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው ሞተር ነው ወይስ ቸርኬ?

የጎማ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚህ ስለ ድሮ የውድድር መኪኖች የተጻፈውን አነበብኩት። ሁሉም የሚቆጥረው የሞተሩን መጠን በሊትርና የፈረስ ጉልበት ነው። ይሄኛው 18 ሊትር፣ ያኛው 28 ሊትር። ጎማን ያነሳ አንድ ሰው የለም። እኔ ጎሚስታ ነኝ። አባቴም ጎሚስታ ነበር። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ። የመጀመሪያው ግራንድ ፕሪ (ትልቁ የመኪና ውድድር) የተካሄደው ጁን 26 እና 27 ቀን 1906 ነው። ቦታው ፈረንሳይ፣ ሌ ማን ከተማ አጠገብ። አንዱ ዙር ብቻ 103 ኪሎ ሜትር ነው። በቀን ስድስት ዙር፣ ሁለት ቀን፣ በድምሩ 1,238 ኪሎ ሜትር። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ደርሶ መልስ ሄዳችሁ ገና ይተርፋችኋል። መንገዱ ደግሞ የአገር መንገድ ነው፤ አቧራ፣ ጠጠር፣ ፀሐይ።

32 መኪኖች ተነሱ። ያሸነፈው ፈረንትስ ሲስ የሚባል ሃንጋሪያዊ ሾፌር በሬኖ ነው። ሬኖው ባለ 13 ሊትር ነው። ለዛሬ ሰው ግዙፍ ይመስላል፤ በዚያ ቀን ግን ከትናንሾቹ ጎራ ነበር። ፊያት 16 ሊትር ይዞ መጥቷል። ፓናር 18 ሊትር።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ። በዚያ ዘመን መንኮራኩሩ እንጨት ነው፣ ቸርኬውም (ጎማው የሚለብሰው ክብ ብረት) ከሱ ላይ አይወልቅም። ጎማ ሲፈነዳ ሾፌሩና ረዳቱ ይወርዳሉ፣ አሮጌውን ጎማ በቢላ ቆርጠው ያወጡታል፣ አዲሱን በግድ ያለብሱታል፣ ይነፉታል። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሌላ ሰው መኪናውን እንዳይነካ ደንቡ ከልክሏል። የጎማ ፋብሪካው ሚሽሊን ይዞት የመጣው ቸርኬ ግን ስምንት ዳዶ ፈትተህ ከነጎማው ታወጣዋለህ፣ ተነፍቶ የተዘጋጀውን ሌላ ትገጥማለህ። ከ4 ደቂቃ በታች! ሬኖ ይሄን ከኋላ እግሮቹ ላይ ገጥሞ ነበር።

በአንድ ቅያሪ 11 ደቂቃ ተረፈህ ማለት ነው። ሦስቴ ከቀየርክ 33። ሲስ ሁለተኛውን የበለጠው በስንት መሰላችሁ? በ32 ደቂቃ።

ውድድሩን ያሸነፈው ሞተር አይደለም፣ ቸርኬ ነው። የሚከራከር ይምጣ።


ቴስታታ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡41

ወንድሜ፣ ሙያህን መውደድህ ደስ ይላል። ግን ሒሳቡን ለራስህ አድልተህ ነው የሠራኸው።

ሁለተኛ የወጣው ማን ነው? ፌሊቼ ናዛሮ፣ በፊያት። ፊያት በምን ቸርኬ ሮጠ? በዚያው በሚሽሊን! ቸርኬው ካሸነፈ እንግዲህ ሁለቱም አንድ ላይ መግባት ነበረባቸው። ያንን 32 ደቂቃ ከየት አመጣኸው?


የጎማ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02

@ቴስታታ ይዘኸኛል። እውነት ነው፣ ፊያትም ነበረው። መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበረብኝ።

ግን ቸርኬው የሌላቸውን እይልኝ። ደንቡ መኪናው ከ1,000 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። ይሄ ቸርኬ ደግሞ ለአንድ እግር 9 ኪሎ ይጨምራል። ኢታላና ፓናር ሊገጥሙት ቢፈልጉም ሚዛኑ አላስገባቸውም። ማለትም ግዙፍ ሞተር ለመሸከም ብለው ቸርኬውን ትተዋል። ከዚያ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ጎማ በቢላ ሲተለትሉ ዋሉ።

ሌላም ልጨምርልህ። የውድድሩን ፈጣን ዙር የነዳው ሲስ አይደለም። ፖል ባራስ ነው፣ በብራዚዬ መኪና፣ ገና በመጀመሪያው ዙር፤ 52 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ። ታዲያ ፈጣኑ ሰውዬ የት ሄደ? ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ የለም። በፍጥነት ብቻ ቢሆን የሱ ነበር።


ቀበቶ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡15

በ15 ደቂቃ ጎማ የሚቀይር ጎሚስታ ካለ አድራሻውን ላኩልኝ። እኔ ባለፈው ሳምንት አንድ እግር ለማስለጠፍ ሁለት ሰዓት ነው የቆምኩት። ሰውዬው ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቡና ሊጠጣ ሄደ።


የጎማ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡17

@ቀበቶ እኔ አይደለሁም 😂


አዲስ ገቢ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ይቅርታ፣ እኔ ስለ መኪና ብዙም አላውቅም። ረዳት የምትሉት እንደ ታክሲ ረዳት ነው? ውድድር መኪና ላይ ረዳት ምን ይሠራል? ደግሞ ሁለት ቀን ሲሮጡ ማታ ማታ መኪናውን መጠገን አይችሉም ነበር?


ጋሽ ቮልስ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። (ሴት ልጅ ከመሰልሽኝ ተሳስቼም ይሆናል፣ ወንድም ከሆንክ ይቅር በለኝ።)

ረዳቱ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ሜካኒክ ነው። ዘይት በእጁ ይገፋል፣ የነዳጅ ግፊት ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ እያየ ማን እየመጣ እንደሆነ ለሾፌሩ ይነግራል። ሲቆሙ አብሮ ጎማ ይቀይራል። ቀበቶ የለ፣ ቆብ የረባ የለ። መኪናው ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

ማታ መጠገን ላልሽው፣ ፈጽሞ አይቻልም። የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ መኪኖቹ ታጥረው ይቆለፍባቸዋል። በማግስቱ ሞተር ማስነሳት እንኳ ስለማይፈቀድ መኪኖቹን እስከ መነሻው መስመር የጎተታቸው ፈረስ ነው። በዓለም ፈጣን የተባለውን መኪና ፈረስ ሲጎትተው ይታይሽ! ሲስም መስመሩን እንዳለፈ ያደረገው መሮጥ ሳይሆን መቆም ነው፤ ጎማ ቀየረ፣ ነዳጅ ሞላ፣ ከዚያ ሄደ።

እኔ ግን ከቸርኬውም ከሞተሩም በላይ የሚገርመኝ የሾፌሮቹ ዓይን ነው። አቧራ ለመቀነስ መንገዱን ሬንጅ ቀብተውት ነበር። በዚያ ሙቀት ሬንጁ ቀለጠ። የፊተኛው መኪና ጎማ እየረጨ ለኋለኛው ፊቱ ላይ ይለጥፍለታል። ኤድሞን የሚባለው የሬኖ ሌላው ሾፌር መነጽሩ ተሰብሮ ሬንጁ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መነጽር ልቀይር ብሎ ቆመ። ዳኞቹ በውድድር መሃል ዕቃ አይቀየርም አሉት። ሌላ ሾፌር ይተካኝ ቢልም አይሆንም። ሰውዬው ሊታወር ደርሶ ሁለት ዙር ጨመረ፣ ከዚያ አቆመ። ሁለት ዙር ማለት 206 ኪሎ ሜትር ነው።

ከ32ቱ ሁለተኛውን ቀን ያዩት 17 ናቸው። የጨረሱት 11።


አዲስ ገቢ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ጋሼ አልተሳሳቱም፣ ሴት ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ሬንጁ በጣም አሳዘነኝ። ለመሆኑ ሲስ ከየት የመጣ ሰው ነው? ፈረንሳዮች ሃንጋሪ ሾፌር ለምን መረጡ?


ጋሽ ቮልስ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እሱማ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ሲስ የሬኖ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የሉዊ ሬኖ ረዳት ሆኖ በውድድር አብሮት ተቀምጧል። በ1903 ከፓሪስ ማድሪድ በተደረገው ውድድር የሉዊ ወንድም ማርሴል ሬኖ ሞተ። ያ ውድድር ብዙ ሰው ፈጅቶ ቦርዶ ላይ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ሉዊ መወዳደሩን ተወ። መሪውንም ረዳት የነበረው ሲስ ያዘው።

እኛም ዘመን እንዲያ ነበር። ሾፌር ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም፤ ረዳት ሆኖ ጎማ እያጠበ፣ ራዲያተር ውሃ እየሞላ፣ የሾፌሩን እጅ እያየ ነው። እና ሲስን ሳነብ ሩቅ ሰው አይመስለኝም።


ቴስታታ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡30

ጋሼ፣ ታሪኩን ወደድኩት። አሁን ግን ወደ ሞተር ልመልሳችሁ። @የጎማ ልጅ፣ 1906ን ልተውልህ። እስቲ 1912 ላይ ና።

ውድድሩ ያው የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ነው፣ ዲዬፕ ላይ። ሁለት ቀን፣ 1,539 ኪሎ ሜትር። ፊያት የመጣው ኤስ74 በሚባለው ነው፤ 14.1 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር። ከጎኑ ስትቆም ኮፋኖው ደረትህ ላይ ይደርሳል። ፔዦ ደግሞ 7.6 ሊትር ይዞ መጣ። ግማሹን ትንሽ ያለፈ!

ይሄን ፔዦ ያሠሩት ሾፌሮች ናቸው። ዦርዥ ቧዮ፣ ዡል ጉ እና ፓውሎ ዙካሬሊ፤ ከነሱ ጋር ኧርነስት ኧንሪ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ። የፋብሪካው መሐንዲሶች ተናደው «አጭበርባሪዎቹ» የሚል ስም አወጡላቸው።

ምን ሠሩ? ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ክዳን) ላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) አስቀመጡ። ለአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ፣ ሁለት ማስገቢያ፣ ሁለት ማስወጫ። ካንዴላው መሃል ላይ። ቫልቮቹ ትንንሽና ቀላል ስለሆኑ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ በደንብ ይተነፍሳል። ትልቅ ሳንባ ኖሮህ በገለባ ከመተንፈስ መካከለኛ ሳንባ ኖሮህ አፍህን ከፍተህ መተንፈስ ይሻላል። ነገሩ ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ቀን የመራው በፊያት የነዳው አሜሪካዊው ዴቪድ ብሩስ ብራውን ነበር። በሁለተኛው ቀን ከተፈቀደው ቦታ ውጪ ነዳጅ ሞልቶ ተሰረዘ። ቧዮ ገባ፣ አሸነፈ። ሁለተኛ ሉዊ ዋግነር በሌላው ፊያት፣ በ13 ደቂቃ ልዩነት። በማግስቱ ዓመት ዡል ጉ ፔዦ ይዞ አሜሪካ ሄደና ኢንዲያናፖሊስን አሸነፈ፤ ለጎማና ለነዳጅ ሲቆም ሻምፓኝ እየተጎነጨ።

አሁን ውጣና የጎረቤትህን ቪትዝ ኮፋኖ ክፈት። ሁለት ካምሻፍት፣ ለአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ። የ1912ቱ ፔዦ ነው እኮ! የፊያት ዓይነቱ ሞተር የት አለ? ሙዚየም ውስጥ። ስለዚህ ታሪክ የቀየረው ሞተር ነው። ጎማህን ወደዚያ አንከባለው።


ቀበቶ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡44

ቪትዜን ከዛሬ ጀምሮ «ግራንድ ፕሪ» ነው የምላት። ማርሚታዋ ስለተቀደደ ድምፁም ይመጥናል።


የኢንዲያናው
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ከአሜሪካ። ኢንዲያናፖሊስን ካነሳችሁ እኔም ላዋጣ። እዚያው አካባቢ ነው የምኖረው፤ የውድድሩ ሜዳ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ሦስቴ አይቼዋለሁ። እንግዳ ከአገር ቤት በመጣ ቁጥር እወስዳለሁ።

እዚያ የማርሞን ዋስፕ ቆማለች። ዋስፕ ማለት ተርብ ነው። ቢጫ ናት፣ ጅራቷ የሾለ፣ ልክ ተርብ። በ1911 የመጀመሪያውን የ500 ማይል ውድድር ሬይ ሃሩን ያሸነፈው በሷ ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 7.8 ሊትር። አርባ መኪኖች ነበሩ። ሌሎቹ ረዳት ጭነው ሲሮጡ ሃሩን ብቻውን ነው የተቀመጠው። «ወደ ኋላ ማን ሊያይለት ነው፣ አደጋ ነው» ብለው ተቃወሙት። እሱም ከፊቱ መስታወት ሰቀለ። ስፖኪዮ! በኋላ ራሱ እንደተናገረው ግን መንገዱ ጡብ ስለነበር መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ ምንም አላየበትም።

አሁን @የጎማ ልጅ ደስ የሚለው ክፍል። ሃሩን መሐንዲስ ነበር። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ጎማው ቶሎ እንደሚያልቅ አስልቶ ደርሶበታል። ስለዚህ በሰዓት 75 ማይል አካባቢ ይዞ ሌሎቹ ሲያልፉት ዝም አለ። እነሱ ጎማ ሊቀይሩ ይቆማሉ፣ እሱ ያልፋል። መሃል ላይ ሳይረስ ፓችኪ የሚባል ሾፌር ለጥቂት ጊዜ ተካው እንጂ አካሄዱ አልተለወጠም። ሲጨርስ አማካዩ 74.6 ማይል ሆነ፣ ወደ 120 ኪሎ ሜትር። 6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ።

ይሄን ሳነብ አንድ ዘመዴን አስታወሰኝ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። «ዳገት ላይ የሚያልፈኝን ሁሉ ቁልቁለቱ ሥር ቆሞ አገኘዋለሁ» ይላል።


የጎማ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡31

@የኢንዲያናው ዕድሜ ይስጥህ! 👏 @ቴስታታ አንብበሃል?


ቴስታታ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

አንብቤያለሁ። ጎማ የቆጠበው ሾፌሩ ነው፣ ጎማው ራሱ አይደለም። ይሄ የጭንቅላት ድል ነው።


አዲስ ገቢ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

አንድ ከርዕሱ የወጣ ጥያቄ ልጠይቅ? በዚያ ዘመን እኛ አገር መኪና ገብቶ ነበር?


ጋሽ ቮልስ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ገብቷል። ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በሲድሊ መኪና ከባሕሩ ተነስቶ በሐረር በኩል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ይሄ በእኛው አቆጣጠር ነው፣ እንዳትምታቱ። ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፍረውበታል። መንገድ የሚባል ነገር ስላልነበረ ውድድር ሳይሮጥ የውድድር መኪና መከራ አይቷል በዪው። ከዚያ በፊት ደግሞ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያመጣው የእንፋሎት ማሽን ነበር፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው።

አንድ ሰው መጥቶ «የቤንትሊ መኪና ፋብሪካ ባለቤት ነው የመጣው» እንዳይል አስቀድሜ ልናገር። ሌላ ሰው ነው። ፋብሪካው የተቋቋመው በ1919 ነው፣ በፈረንጅ።


ቀበቶ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡02

ልጽፈው ነበር ጋሼ። ቀደሙኝ።


የጎማ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ቴስታታ ሞተር ሞተር ሲለኝ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። 1912 ላይ መከራከሪያ የለኝም፣ ፔዦው ይገባዋል። ግን አንድ ነገር አገኘሁ። በ1908 ናፒየር የሚባለው የእንግሊዝ መኪና ፋብሪካ መንኮራኩሩ በሙሉ የሚወልቅ መኪና ይዞ ለፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ሊመጣ ነበር። ዛሬ እኛ እንደምናወልቀው ማለት ነው። አዘጋጆቹ «አይቻልም፣ ያለአግባብ ያስበልጣል» ብለው ከለከሉ። ናፒየርም ተናዶ ቀረ።

18 ሊትር ሞተር ሲመጣ ዝም ያለ ዳኛ፣ የሚወልቅ እግር ሲመጣ ደነገጠ። ማንን እንደፈሩ እናንተ ፍረዱ።


ቴስታታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡35

ይሄኛው ጥሩ ነው። ተቀብያለሁ።

እኔም በራሴ ላይ ልመስክር፣ አንተ ሳታገኘው ልቅደምህ። 1914፣ ሊዮን። ጁላይ 4። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ከተገደለ ገና ስድስተኛ ቀኑ ነው። ደንቡ ሞተሩን ከ4.5 ሊትር በታች አድርጎታል። የፔዦው ቧዮ የአገሩ ጀግና ነው፤ መኪናው አራቱም እግር ላይ ፍሬን አለው፣ በዚያን ጊዜ ብርቅ የሆነ ነገር። ሜርሴዲስ አምስት መኪና አሰልፎ መጣ፣ ፍሬናቸው የኋላ እግር ላይ ብቻ ነው። 752 ኪሎ ሜትር።

ማክስ ዛይለር የሚባለው የሜርሴዲስ ሾፌር ከመነሻው እንደ እብድ ነድቶ ስድስተኛው ዙር ላይ ሞተሩ ተበላሸ። ቧዮ መሪነቱን ያዘ። ግን ጎማው አልበረታለትም። እየቆመ ይቀይራል፣ እየነዳ ይመልሳል፣ እንደገና ይቆማል። የሜርሴዲሱ ላውተንሽላገር የቆመው አንዴ ነው። መጨረሻ ላይ ላውተንሽላገር አለፈው፤ ቧዮ በመጨረሻው ዙር መኪናው እምቢ ብሎት ቀረ። ሜርሴዲስ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አንድ ወር ሳይሞላ የፔዦ አገር ፈረንሳይና የሜርሴዲስ አገር ጀርመን ጦርነት ገጠሙ። ቧዮ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በ1916 ቬርደን አጠገብ ተመትቶ ሞተ።

የተሻለ ፍሬን፣ እኩል ሞተር፣ ጎበዝ ሾፌር። የጎደለው ጎማ ነው። ይኸው ጻፍኩልህ።


የኢንዲያናው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ከዚያው ከሊዮኑ ሜርሴዲስ አንዱ እዚህ መጥቷል። ራልፍ ዴፓልማ በ1915 ኢንዲያናፖሊስን ያሸነፈው በሱ ነው። ይሄ ሰውዬ በ1912 በሌላ ሜርሴዲስ ከ200 ዙር 196ቱን መርቶ፣ ሊጨርስ ሲል ሞተሩ ሄዶበት ከረዳቱ ጋር መኪናውን በእጁ እየገፋ የመጣ ነው። ሕዝቡ ላሸነፈው ሳይሆን ለሱ ነው ያጨበጨበው ይላሉ።


አዲስ ገቢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እስካሁን የሾፌሮቹን ስም ሁሉ ነገራችሁን። የረዳቶቹን ግን አንድም አልጻፋችሁም። ያንን ቸርኬ ከሲስ ጋር የቀየረው ሰው ስም የለውም?


የጎማ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ትክክል ነሽ እህቴ፣ አፈርኩ። ፈልጌ አገኘሁት። ማርቶ ይባላል። 1,238 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከሲስ ጎን ተቀምጧል፣ በቆሙ ቁጥር አብሮ ዳዶ ፈትቷል። አሥረኛው ዙር ላይ የኋላው ባሌስትራ ተሰብሮ እያነከሱ ሲገቡም እላዩ ላይ ነበር።

ማርቶ በፈረንሳይኛ መዶሻ ማለት ነው። እኛ ጋራዥ ማርቴሎ የምንለው።